መንግሥት በወፍጮ ቤት

ግንቦት 7 ቀን 2071 ዓ.ም.፣ ሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ፣ መንግሥት ወይራ ገበያ ገባ። የመጣው በአንድ ግራጫ አውቶቡስ ነው። አውቶቡሱ ዘጠኝ የአስፈጻሚ ጉባኤ አባላት፣ አንድ ጸሐፊና ዘጠኝ ወንበሮች ጭኖ ከዋናው መንገድ ወደ ቀኝ ታጠፈና በሶልያና ጥሩነህ ወፍጮ ቤት በር ላይ ቆመ።

ሶልያና የሃምሳ ስምንት ዓመት ሴት ናት። ባሏ ከሞተ ስድስት ዓመቱ ነው። ሁለት ወፍጮ አላት፤ አንዱ ለጤፍና ለስንዴ፣ ሌላው ለበርበሬና ለሽሮ። ሁለቱም የሚሠሩት ጣሪያው ላይ በተዘረጋው የፀሐይ ኃይል ስለሆነ ደመና በሆነ ቀን ሰፈሩ እንጀራ በልኩ ይበላል። ዕጣው ለእሷ እንደወጣ የተነገራት ከአንድ ሳምንት በፊት ነበር። ጎረቤቶቿ እልል አሉላት። እልልታው በወንበሮቹ ምክንያት ነው። መንግሥት ሳምንቱን ጨርሶ ሲሄድ ወንበሮቹን ለቤቱ ትቶ ይሄዳል፤ ጥሩ ወንበሮችም ናቸው።

ሕገ መንግሥቱ ከተሻሻለ አሥራ ሦስት ዓመት ሆኖታል። ከዚያ ወዲህ አስፈጻሚው የራሱ ሕንፃ የለውም። በየሳምንቱ ዕጣ በደረሰው ዜጋ ቤት ይሰበሰባል፤ ይሾማል፣ ይሽራል፣ ውል ይዋዋላል፣ ጦር ያዛል። ባለቤቱን ሕጉ “ባለጣሪያ” ይለዋል። ባለጣሪያ ሁለት ግዴታ አለበት፦ ቁጭ ብሎ መስማት፣ በእያንዳንዱም ውሳኔ መጨረሻ ላይ አውራ ጣቱን ጸሐፊው በሚያቀርብለት ሰሌዳ ላይ መጫን። በሰሌዳው ግራ በኩል “ሰምቻለሁ፤ ገብቶኛል” የሚል አለ። በቀኝ በኩል “አልገባኝም” የሚል አለ። በአሥራ ሦስት ዓመት ውስጥ ከስድስት መቶ በላይ ባለጣሪያዎች ግራውን ተጭነዋል። ቀኙን የተጫነ አልነበረም። እንዲያውም በዚያኛው በኩል የፋብሪካው ላስቲክ ገና አልተላጠም ነበር።

“ወፍጮውን እስከ ስድስት ሰዓት ማጥፋት ይቻላል?” ሲል ጸሐፊው ጠየቃት። ስሙ ዳግማዊ ነው። ረጅም፣ ጥንቁቅ፣ ጫማውን ከመግባቱ በፊት የሚጠርግ ሰው ነው።

“ይቻላል” አለች ሶልያና። “ሰው ግን ወረፋ ለመያዝ በጠዋት ይመጣል።”

“ይምጣ። ሕዝብ ነው።”

ስለዚህ መንግሥት በዘጠኝ ወንበር፣ ሕዝብ በእህል ጆንያ ላይ ተቀመጠ። ሰኞ ስምንት ውሳኔ ተላለፈ፤ ማክሰኞ አሥራ አንድ። ወፍጮ ቤት ምንም ቢጠረግ ዱቄት አያጣም። የውጭ ጉዳይ አስፈጻሚው ጥቁር ኮት ሰኞ ቀትር ላይ ግራጫ ነበር፣ ማክሰኞ ነጭ ሆነ። ከማክሰኞ ጀምሮ የመንግሥት ሽፋሽፍት በሙሉ ነጭ ነበር።

ሶልያና ሥራውን ወደደችው። አምባሳደር ሲሾም፣ “ሰውየው የአገሩን ቋንቋ ይችላል?” አለች። “ይችላል” አሏት። “እንግዲህ ገብቶኛል” ብላ ተጫነች። የወንዝ ውሃ ውል ሲነበብ ሁለት ቃል ጠየቀች፤ አስረዷት፤ ተጫነች። ባሏ ከሞተ ወዲህ፣ ገባሽ ወይ ብሎ የጠየቃት ሰው አልነበረም። አሁን በቀን አሥር ጊዜ ትጠየቃለች። ማክሰኞ ከሰዓት ወፍጮዋን እያሠራች፣ ብቻዋን ፈገግ ስትል ደንበኞቿ አዩዋት።

ማክሰኞ አመሻሹ ላይ ከልጇ ጋር በስልክ ተያየች። አቢጊያ የምትኖረው ከጨልቻ ወንዝ ማዶ፣ ገደሮ ነው። ከወይራ ገበያ እስከ ድልድዩ የሃያ ደቂቃ እግር መንገድ ነው፤ ከድልድዩ እስከ ገደሮ አሥራ ሁለት ኪሎ ሜትር። ሶልያና በየሳምንቱ ሁለት ኪሎ የአጃ ዱቄት በድሮን ትልክላታለች። ድሮኑ በስድስት ደቂቃ ይደርሳል። ዱቄት ወንዙን ለመሻገር ፈቃድ አያስፈልገውም።

ሰው ግን ያስፈልገዋል። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ፣ ማንም ሰው ከወረዳው ሲወጣ በእጁ ላይ ያለው አምባር ይንጫጫል፤ ፈቃድ ከሌለው ይመለሳል። ሶልያና ፈቃድ የጠየቀችው ልጇ ማርገዟን በሰማች ማግስት ነበር። ወረፋዋ ለጥቅምት 14 ደረሰ። አቢጊያ የምትወልደው ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው።

“ጥቅምት ላይማ አንገቱን ያጸናል፤ ይስቅልሻል” አለች አቢጊያ በስክሪኑ ውስጥ፣ እናቷን ለማጽናናት። ሆዷን በካሜራው ላይ አስጠጋች።

“እኔ የምፈልገው ሲያለቅስ ነው” አለች ሶልያና።

ረቡዕ ጠዋት ሦስት ሰዓት ከሩብ ላይ ጸሐፊው ዳግማዊ ቀጣዩን አጀንዳ አነበበ። አራት ደቂቃ ተመድቦለት ነበር።

“የእንቅስቃሴ አስቸኳይ አዋጅ፣ አዋጁን አስፈላጊ ያደረጉት ሁኔታዎች ያልተለወጡ በመሆናቸው፣ ለሃያ ሁለተኛ ጊዜ ለተጨማሪ ስድስት ወራት እንዲራዘም ተወስኗል።” ሰሌዳውን ወደ ሶልያና ዘረጋ። ግራው በኩል ወደ አውራ ጣቷ እንዲቀርብ አድርጎ ያዘላት።

“ምንድን ናቸው?” አለች ሶልያና።

“ምኖቹ?”

“ሁኔታዎቹ። ያልተለወጡት።”

ዳግማዊ ወረቀቱን ተመለከተ። “ቀደም ሲል በተላለፈው ውሳኔ የተገለጹት ናቸው።”

“እዚያ ላይ ምን ይላል?”

“ከዚያ ቀደም ሲል በተላለፈው ውሳኔ የተገለጹት፣ ይላል።”

ሶልያና አውራ ጣቷን በቀሚሷ ጠረገች። ሴትየዋ ተንኮለኛ አልነበረችም። አንድ ደንበኛ ለገንፎ ነው ወይስ ለዳቦ እንደሚፈልገው ሳይነግራት ገብስ አትፈጭም፤ ይኸው ነው።

“አልገባኝም” አለች።

ዋና አስፈጻሚው ከስልኩ ላይ ቀና አለ። ኖላዊ ደቻሳ ይባላል፤ አርባ አንድ ዓመቱ ነው፤ በሥልጣን ላይ አራት ወሩ። ቅንድቡ ላይ ያረፈው ዱቄት የደከመው ሰው ያስመስለዋል፤ ምናልባትም ደክሞት ነበር።

“የጤና አስፈጻሚዋ፣ እስቲ ያስረዱልን” አለ በትሕትና።

የጤና አስፈጻሚዋ ወደ ጎረቤቷ ዞረች። “የጤና ጉዳይ እኮ አይደለም። እኛ የእርሻ ነው ብለን ነው የምናውቀው።”

“እኛ ዘንድ ምንም የለም” አለ የእርሻ አስፈጻሚው። “ከብቱም ደህና ነው፤ እህሉም ደህና ነው። ይሄ የጸጥታ ነው።”

የጸጥታ አስፈጻሚው ሳቀ። “አገሩ ሰላም ነው። እኛ በየድልድዩ ሰው ያቆምነው የጤናው ክፍል አቁሙ ስላለን ነው።”

“እኛ አላልንም!”

“ታዲያ ማን ነው ያለን?”

ከጆንያዎቹ መሃል ጋሽ ናሆም እጃቸውን አወጡ። ሰባ አራት ዓመታቸው ነው፤ ሶልያናን ከልጅነቷ ያውቋታል። “ሶሊ፣ እኔም አልገባኝም ብለሽ ንገሪልኝ” አሉ።

“ወረፋ የያዘ ሰው አስተያየት አይሰጥም” አለ ዳግማዊ።

“አስተያየት አይደለም ልጄ። አለመግባት ነው።”

ሶልያና ቀኙን ተጫነች። አልሠራም። ላስቲኩን በጥፍሯ ልጣ እንደገና ስትጫነው ሰሌዳው፣ ማንም ሰምቶት የማያውቀውን ድምፅ አወጣ። ዳግማዊ ራሱ ደነገጠ።

ከምሳ በፊት እንደገና አስረዷት። በዚህኛው ጊዜ ግድግዳው ላይ ሥዕል አሳዩ፦ ቀስቶች ነበሩ፣ ክቦች ነበሩ፣ በሁሉም ክብ ውስጥ “ሁኔታ” የሚል ተጽፎ ነበር። ሶልያና እስከ መጨረሻው ተከታተለች። ሲያልቅ፣ “ሥዕሉ ያምራል” አለችና ሁለተኛ ጊዜ ቀኙን ተጫነች።

ስድስት ሰዓት ላይ ጉባኤው ተነሣ። ዳግማዊ ግን ቀረ። ሶልያና የመጀመሪያውን ጆንያ ሚዛን ላይ ስታወጣ አጠገቧ መጥቶ ቆመ፤ ድምፁንም ዝቅ አደረገ።

“ወይዘሮ ሶልያና፣ አዋጁ ነገ ቀን ስድስት ሰዓት ላይ ያበቃል። የመጽሐፉን የመጨረሻ ገጽ አንብበውታል?”

ባለጣሪያ ለሆነ ሰው ሁሉ የሚሰጥ ትንሽ መጽሐፍ ነበር። የአስፈጻሚው ሥልጣንና ግዴታ በውስጡ ተዘርዝሯል። ሶልያና ወፍጮው እስኪሞቅ ትንሽ ትንሽ እያለች አንብባዋለች፤ የመጨረሻው ገጽ ላይ ግን አልደረሰችም።

“ሦስት ጊዜ አልገባኝም ያለ ባለጣሪያ በባለሙያ ይመረመራል” አለ ዳግማዊ። “ባለሙያው የመረዳት ችሎታ የለውም ካለ፣ ቃሉ አይቆጠርም፤ ውሳኔው ያለ እሱ ይጸድቃል። ይህ ብቻ ቢሆን ባልነገርኩዎት። የመረዳት ችሎታ የሌለው ሰው የንግድ ፈቃድም ሊኖረው አይችልም።”

“ወፍጮዬን ትወስዳላችሁ ማለት ነው?”

“እኛ አንወስድም። ይወሰዳል።” ጨመረበት። “ላስፈራዎት ብዬ አይደለም። ግራውን ቢጫኑ ማንም አይጠይቅዎትም፤ ስድስት መቶ ሰው ተጭኖታል።”

“ሁሉም ገብቷቸው ነው?”

ዳግማዊ ትከሻው ላይ ያረፈውን ዱቄት በጣቱ ጫፍ አራግፎ ወጣ።

ያን ዕለት ከሰዓት ሶልያና ክፉኛ ተረበሸች። እጇ ሥራውን ስለሚያውቀው ይሠራል፤ ልቧ ግን ሌላ ቦታ ነበር። በእውነት ሳይገባኝ ቀርቶ ነው ወይስ ልጄን ማየት ስለፈለግሁ ነው? ብላ ራሷን ጠየቀች። መንግሥትን ለራስ ጉዳይ መያዝ ነውር መሰላት። ስለዚህ ራሷን ፈተነች። ወፍጮው እየጮኸ ማንም ስለማይሰማት፣ ለደንበኛ እንደምታስረዳ ሆና ጮክ ብላ መናገር ጀመረች፦ “ማዶ መሄድ የተከለከለው፣ ምክንያቱም…” እዚህ ላይ ቆመች። “ምክንያቱም…” ጤፉ አለቀ። ሌላ ጆንያ ገለበጠች። ምስሩም፣ ስንዴውም አለቀ፤ እሷ “ምክንያቱም” ላይ ነበረች።

ለአቢጊያ ደወለችና ሁሉንም ነገረቻት።

“ተጫኝው እማዬ” አለች ልጇ ወዲያው። “ስለ እኔ ብለሽ ወፍጮውን እንዳታጪ። ጥቅምት ሩቅ አይደለም።”

“ስለ አንቺ አይደለም።”

“እ?”

“ስለ አንቺ ቢሆንማ ቀላል ነበር፤ እተወው ነበር” አለች ሶልያና። “ገብቶኛል በይ ነው የሚሉኝ። አልገባኝም እኮ። ምን ልሁን?”

አቢጊያ ሳቀች፤ ከዚያ ሳቋ ቆመና ዓይኗን ጠረገች። “አትጫኚው በቃ” አለች። “አባዬም እንዲሁ ነበር የሚያደርገው።”

ሐሙስ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ የወፍጮ ቤቱ ግቢ ሞልቶ ነበር። የሚፈጭ የሌላቸው ሰዎች ባዶ ጆንያ ይዘው መጥተው ወረፋ ያዙ። ዳግማዊ ውሳኔውን ለሦስተኛ ጊዜ አነበበ። ሶልያና እንደ ተማሪ እጇን አጣምራ ሰማች፤ ቀኙንም ተጫነች። አሁን ላስቲክ ስለሌለበት በቀላሉ ሠራ።

ባለሙያዋ በስክሪን ቀረበች፤ ወጣት፣ ፈጣን፣ ሥራ የበዛባት ሴት። “ጽሑፉን ልከውልኛል” አለች። “ወይዘሮ ሶልያና፣ ምን እንደሚል በራስዎ ቃል ይንገሩኝ።”

“ስድስት ወር ይራዘም ይላል። ሁኔታዎቹ ስላልተለወጡ።”

“ጥሩ። ሁኔታዎቹስ?”

“እሱን ነው የምጠይቀው።”

ባለሙያዋ ጽሑፉን አነበበች። ወደ ላይ ተመልሳ እንደገና አነበበች። ቀጥሎም መነጽሯን አድርጋ አነበበች። ከዚያ ስክሪኗ ላይ ጻፈች፤ ጽሑፉም በዳግማዊ እጅ ባለው ሰሌዳ ላይ ወጣ። ዳግማዊ የምርመራ ውጤት ጮክ ብሎ የማንበብ ግዴታ ስላለበት አነበበው፦

“ተመርማሪዋ ትሰማለች፣ ታስታውሳለች፣ በትክክል ታስባለች። ጽሑፉን ሦስት ጊዜ አንብቤዋለሁ። ምርመራ የሚያስፈልገው ጽሑፉ ነው።”

ባዶ ጆንያ ከያዙት ሰዎች መሃል ሳቅ ተነሣ። ዋና አስፈጻሚ ኖላዊ አልሳቀም። ሰዓቱን አየ፦ ሦስት ሰዓት ከሃያ ነው። “የመጀመሪያውን አውጡ” አለ። “የ2060ውን። እዚያ ላይ ይኖራል።”

ዳግማዊ ወደ ኋላ መቁጠር ጀመረ። ሃያ አንደኛው ወደ ሃያኛው መራው፣ ሃያኛው ወደ አሥራ ዘጠነኛው። አንዱ ላይ የፊደል ስህተት ነበረ፤ ስህተቱም ከዚያ ወዲህ ባሉት ሁሉ ላይ እንዳለ ተገልብጧል። አራት ሰዓት ተኩል ላይ የመጀመሪያው ዋናው አዋጅ ተገኘ። ሰው ሁሉ አንገቱን አሰገገ። ዳግማዊ አነበበ፦

“በአባሪው ላይ በዝርዝር በተገለጹት ሁኔታዎች ምክንያት ይህ አዋጅ ታውጇል።”

“አባሪውስ?” አለ ኖላዊ።

ዳግማዊ ሰሌዳውን ወደ ታች ገፋ፤ ወደ ላይ መለሰ፤ እንደገና ወደ ታች ገፋ። ጆሮው ቀላ።

“አልተያያዘም” አለ።

“ምን ማለት ነው?”

“አባሪው አልተያያዘም፣ ክቡር ዋና አስፈጻሚ። ያኔም አልተያያዘም። የማኅደሩ ሠራተኛ በእርሳስ ‘አባሪው ይላክልን’ ብሎ ጽፎበታል።”

በዚያ ቀን ባለጣሪያ የነበረውን ሰው ፈልገው በስልክ አገኙት። ሩቅ ከተማ የሚኖር ፀጉር አስተካካይ ነው። ኖላዊ ራሱ አነጋገረው። “አዋጁ ሲታወጅ ምክንያቱ ምን ነበር ተብሎ ተነገርዎት?”

“ኧረ ጌታዬ፣ አሥራ አንድ ዓመት እኮ ነው” አለ ሰውየው፤ ከኋላው የመቀስ ድምፅ ይሰማል። “እኔ የማስታውሰው ምሳ ሰዓት ደርሶ እንደነበር ነው። ወንበሮቹ ግን ጠንካራ ናቸው፣ እግዜር ይስጥልኝ፤ እስከ ዛሬ ደንበኛ እየተቀመጠባቸው ነው።”

አምስት ሰዓት ሆነ። ዘጠኙ አስፈጻሚዎች እርስ በርስ መተያየት አቆሙ። ያኔ ዳግማዊ ወደ ኖላዊ ጎንበስ ብሎ፣ ነገር ግን ወፍጮ ቤቱ ጠባብ ስለሆነ ሁሉም ሰው በሚሰማው ድምፅ፣ እንዲህ አለ፦

“አባሪውን አሁን ልጽፈው እችላለሁ። ሃያ ደቂቃ ይበቃኛል። የሆነ በሽታ፣ ወይም የወንዝ ሙላት… ቀኑን የ2060 አደርገዋለሁ። ምክንያት ከኖረ ባለጣሪያዋ ይገባታል፤ ያበቃል።”

ሶልያና ሰማች። “እሱማ ገብቶኛል” አለች።

ኖላዊ ደቻሳ ከወንበሩ ተነሣ። ወደ ወፍጮው ሄደና ቋቱ ላይ እጁን አሳረፈ፤ ጥቂት ጊዜ ጀርባውን ሰጥቷቸው ቆመ። ሲዞር ለሶልያና ብቻ የሚናገር ይመስል ነበር።

“እትዬ ሶልያና፣ እውነቱን ልንገርዎት? ሲራዘም የማንም ስም አይነሣም። ቢያበቃና ነገ አንድ ነገር ቢፈጠር ግን የሚነሣው የእኔ ስም ነው። አንድ ላም እንኳ ወንዝ ማዶ ታማ ብትገኝ።”

“ይገባኛል” አለች ሶልያና።

“እርስዎ በእኔ ቦታ ቢሆኑ ምን ያደርጉ ነበር?”

“እኔ እህል ፈጪ ነኝ፤ እሱን አትጠይቀኝ” አለች። ሳታስበው አንተ ብላው ነበር፤ እሱም አላረማትም። “መጽሐፋችሁ ላይ አዋጅ የማወጅ ሥልጣን የአስፈጻሚው ነው ይላል። ከሥሩ ደግሞ ምክንያቱን ለባለጣሪያ በግልጽ የመናገር ግዴታ የአስፈጻሚው ነው ይላል። ሁለቱም ያንተው ናቸው። የኔ ሥራ ቁጭ ብሎ መስማት ነው። ይኸው ተቀምጫለሁ።”

ኖላዊ እንደገና ሰዓቱን አየ። ከዚያ ዳግማዊን፣ “ይመዝገብልኝ” አለው፤ በየቃሉም እየቆመ ተናገረ። “አዋጁ ለምን እንደታወጀ አላውቅም። ከእኔ በፊት የነበሩትም ያውቁ እንደነበር ማረጋገጥ አልቻልኩም። የሚራዘምበት ምክንያት የለኝም።”

ዳግማዊ እጁ ሰሌዳው ላይ ቀረ። “ክቡር ዋና አስፈጻሚ፣ እንዲህ ያለ ቃል በመዝገብ ላይ ገብቶ አያውቅም። ምን በሚለው ርዕስ ሥር ላስገባው?”

“ግዴታ በሚለው ሥር።”

ዳግማዊ ጻፈ፤ አነበበ፤ ሰሌዳውን ለሶልያና ዘረጋ። በዚህኛው ጊዜ የትኛውንም ወገን አላስጠጋላትም፤ መሃል ላይ ያዘው። ሶልያና አውራ ጣቷን ጠርጋ ግራውን ተጫነች። ሰምታለች፤ ገብቷታል።

ከዚያ ሁሉም ተቀምጠው ጠበቁ፤ ሌላ የሚሠራ ነገር አልነበረም። ስድስት ሰዓት ሲሞላ፣ የሁሉም ሰው አምባር አንዴ አጭር ድምፅ አሰማና ዝም አለ። ጋሽ ናሆም አምባራቸውን ወደ ጆሯቸው አስጠግተው አዳመጡ። “ሞተ?” አሉ። ሶልያና ተነሥታ፣ “ስድስት ሰዓት ነው፤ ይቅርታ አድርጉልኝ” አለችና ወፍጮዋን አስነሣች። መንግሥት እየተቻኮለ ወደ ግቢው ወጣ።

የምትፈጨው ብዙ ስለነበር ያን ዕለት መሄድ አልቻለችም። ዓርብ ጠዋት፣ ጉባኤው ያለ ባለጣሪያ መሰብሰብ ስለማይችል፣ ወደ ዋና አስፈጻሚው ሄዳ የአንድ ቀን ፈቃድ ጠየቀች። ኖላዊ፣ ቃሉ ራሱ ፈገግ አሰኝቶት፣ “ፈቃድ?” አለ። “ባለጣሪያዋ ስትመለስ እንቀጥላለን። እስከዚያ ዝም ብለን እንቀመጣለን፤ አገሩም ትንሽ ይረፍ።”

ሁለት ኪሎ የአጃ ዱቄት በነጠላዋ ቋጥራ አዘለችና ወደ ጨልቻ ወረደች። ከኋላዋ ሰው ይከተላት ጀመር፤ መጀመሪያ አራት አምስት፣ ከዚያ ብዙ። ማንም የት እንደሚሄድ አይናገርም። አንዳንዶቹ ማዶ ማንም የላቸውም፤ እንዲሁ ለማየት ነው።

በድልድዩ ወዲህኛው አፍ ላይ ሱራፌል የሚባል ጠባቂ አሞራ የሚያስመስለውን ካፖርት ለብሶ ቆሟል። ዕድሜው ሃምሳ ይሆናል። የብረቱን መዝጊያ በአንድ እጁ ይዟል።

“ፈቃድ” አለ።

“አዋጁ ትናንት አብቅቷል” አለች ሶልያና።

“ሰምቻለሁ። ግን እትዬ፣ ፈቃድ ካልጠየቅሁ ምን ልጠይቅ?”

“እንዴት አደሩ በለኝ።”

ሱራፌል ጉሮሮውን ጠረገ። “እንዴት አደሩ?”

“እግዚአብሔር ይመስገን። እንዴት አደርክ?”

“እግዚአብሔር ይመስገን” አለና መዝጊያውን አነሣ። አምባሯ ይንጫጫ እንደሆነ ለመስማት ሁለቱም ለቅጽበት ጠበቁ። ዝም አለ። ሶልያና አንድ እርምጃ አለፈች፤ ጠባቂው ግን ከኋላዋ ጠራት።

“እትዬ፣ ማዶ ምን አለ?”

“አሥራ አንድ ዓመት ፊት ለፊቱ የቆምከው አንተ ነህ፤ እኔን ትጠይቃለህ?”

“ለጠባቂ ፈቃድ አይሰጥማ” አለ ሱራፌል። “ጠባቂ ቦታውን ለቆ የት ይሄዳል? ደግሞስ…” መዝጊያውን አየ፤ ድልድዩን አየ። “ክፍቱን ትቼው ብመጣ ችግር አለው?”

“ምን ሊወጣ?”

መዝጊያውን በድንጋይ አስደግፎ ተከተላት። ድልድዩ ሰማንያ እርምጃ ነው። ከማዶውም ጫፍ ሌላ ጠባቂ፣ እንደ እሱ ካፖርት የለበሰ፣ በቀስታ ሲመጣ አዩ። ከእሱም ኋላ የገደሮ ሰዎች አሉ። ሁለቱ ጠባቂዎች አሥራ አንድ ዓመት በየጠዋቱ ከወንዙ ዳርና ዳር እጅ ሲያውለበልቡ ኖረዋል። መሃል ላይ ተገናኝተው ቆሙ። ቅርብ ለቅርብ ሲተያዩ ሁለቱም ትንሽ አፈሩ።

“አጭር ትመስለኝ ነበር” አለ ሱራፌል።

“አንተ ደግሞ ወጣት።”

“ስምህ ማነው?”

“ኢዩኤል። ያንተስ?”

“ሱራፌል።”

ተጨባበጡ፤ አልተላቀቁም። ቀኝ እጅ ለቀኝ እጅ ተያይዘው፣ በግራ እጃቸው አንዱ የሌላውን ትከሻ እየመታ፣ ስንት ልጅ አለህ፣ ያኔ በክረምት የጠፋኸው ምን ሆነህ ነበር፣ ያቺ ነጭ ውሻህ ሞተች ወይ እየተባባሉ፣ የድልድዩን ስፋት በሙሉ ይዘው ቆሙ። ከወዲህ የወይራ ገበያ ሰው፣ ከወዲያ የገደሮ ሰው ተከማቸ። “ኧረ መንገድ!” አለ አንዱ ከኋላ። አልሰሙም።

ሶልያና አንድ ደቂቃ ያህል በትዕግሥት ጠበቀቻቸው። ከዚያ የዱቄቱን ቋጠሮ አጠበቀች፤ በተጨባበጡት እጆቻቸው ሥር ጎንበስ ብላ አለፈች።